ለእናቱ አንድ

ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ባለው ግቢ ውስጥ፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ የቤቱ ጌታ ከዘበኛው ፊት ተንበርክኮ ቀበቶ ያስታጥቅ ነበር። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ ያየ ጎረቤት ቢኖር ዓለም ተገለበጠች ብሎ ባማተበ። ደግነቱ ያየ የለም። ሚሳኤል ቀበቶውን ከገዛ ወገቡ ፈትቶ በዘበኛው ሱሪ ዙሪያ እያሾለከ «ሆድዎን ሳብ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» ይላል፤ ዘበኛውም ይስባሉ። የሚሳብ ሆድ ግን አልነበራቸውም። ቀበቶው መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ደርሶም አልጠብቅ ስላለ፣ ሚሳኤል ከግድግዳው ላይ ሚስማር ነቅሎ አዲስ ቀዳዳ በሳለት።

ሰፈሩ ያላወቀው ነገር ዘበኛው ዘበኛ አለመሆናቸውን ነው። ጋሼ መዝገቡ የሚሳኤል ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ያንድ አባት ብቻ ሳይሆን ያንድ እናት ልጅ። በደርግ ጊዜ መርሐ ቤቴ ውስጥ የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ነበሩ። ድንበር የተጋፋ፣ በሬ የተካካደ፣ ሚስት የተቀማ ሁሉ እሳቸው ፊት ቆሞ ታርቆ ይመለስ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሸንጎው ፈረሰ፤ በሳቸው ራስ ውስጥ ግን አልፈረሰም። መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ኋላ በጠራራ ፀሐይም፣ የሞተው ካልሞተው ጋር እየተካሰሰ ይመጣባቸው ጀመር። «ከሳሽ ወዲህ! ተከሳሽ ወዲያ! ሁለተኛ ምስክር ይግባ!» ሲሉ ውለው ሲሉ ያድራሉ። የአገር ቤት ዘመዶች ጠበሉንም ጸሎቱንም ሞክረው ሲያቅታቸው፣ አዲስ አበባ ጤና መሥሪያ ቤት የሚሠራ ወንድም ያለው ሰው እንዴት እዚህ ይበላሻል ብለው፣ የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት አምጥተው ሰማያዊው በር ላይ አስረከቡና በመጡበት አውቶቡስ ተመለሱ። ሚሳኤል እኔ እኮ የዕቅድ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም ቢላቸው፣ «ያው ነው» አሉት።

የሚሳኤል ሚስት ሙሉመቤት ለጎረቤቱ ሁሉ ዘበኛ ቀጠርን ብላ አወራች። ነገሩም ሰመረ። ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ የሚያድር ዘበኛ ማን ይጠላል? ከሰፈሩ ሌባ ጠፋ፤ እንዲያውም ከታች በኩል ያሉ ጎረቤቶች ለዘበኛችሁ ጥቂት ጨምረን ወደኛም እየዞረ ይጩህልን ብለው ጠይቀዋል። ሚሳኤልን የሚጎረብጠው ከበሩ ውጭ ሰው ባለበት ታላቅ ወንድሙን «አንተ» ብሎ መጥራቱ ነበር። «አንተ፣ በሩን ክፈት እንጂ!» ይላል የታክሲው ሰው እየሰማ። ጋሼ መዝገቡ ያኔ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው በሩን ይከፍታሉ።

ይህም ቢሆን ይቻል ነበር። ያልተቻለው ምግቡ ነው። ጋሼ መዝገቡ ዳኛ ችሎት ላይ ተቀምጦ አይበላም ይላሉ፤ ችሎቱ ደግሞ አይነሣም። ሙሉመቤት ጥቂት ጊዜ ዘዴ አግኝታ ነበር። ሰሃኑን ይዛ ከዘበኛ ቤቷ በር ቆማ «ችሎቱ ለምሳ ተነሥቷል!» ብላ ታውጃለች፤ እሳቸውም ሁለት ሦስት ጉርሻ ይቀምሳሉ። በኋላ ነቅተው ችሎት በመድፈር ቀጧት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ብቻ ሆነ። ባለፈው እሑድ ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ ያየችው ሙሉመቤት ወደ ቤት ገብታ ለባሏ፣ ዛሬ ነገ ስትል ሬሳ ታወጣለህ፣ ያን ጊዜ ለዕድሩ ማን ሞተ ልትል ነው፣ ዘበኛ? ብላው ነበር። ሚሳኤል በነጋታው አልጋ ይፈልግ ጀመር። አገኘም።

አልጋው ያለው ላፍቶ ነው፤ ከማሳው ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ። የሚሳኤል መሥሪያ ቤት በየክልሉ የአእምሮ ሕሙማን ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል ለመክፈት ሲያቅድ፣ ክልሎቹ አይተው የሚቀዱት ናሙና ይሆን ዘንድ ያዘጋጀው ነው። ዕቅዱን የጻፈው ሚሳኤል፣ የጻፈበትም ልብ የተቃጠለ ልብ ነበር፤ አንድ ሰው አገሩ ላይ ቢታመም አገሩ ላይ የሚተኛበት ቢያገኝ ኖሮ የአዲስ አበባ ዘመድ ሁሉ በረንዳ ሆስፒታል ባልሆነ ነበር። ከዕቅዱ ሁሉ የሚኮራበት አንድ አንቀጽ ነበረው። ዘመድ በሽተኛውን አስተኝቶ እየጠፋ፣ የዳነውም ወሳጅ እያጣ አልጋ ይዞ እንዳይቀር፣ ማንም ሰው ያለ ዋስ አይተኛም፤ ዋሱም በአካል የቀረበ፣ የከተማው ነዋሪ የሆነ የሥጋ ዘመድ ይሁን። ሚስት፣ ባል፣ አማች አይቆጠርም። ጋብቻ ይፈርሳል፣ ሥጋ አይፈርስም ብሎ በስብሰባ ላይ ተከራክሮ ያስጸደቀው ራሱ ነው። ተጨብጭቦለታል።

ዛሬ ሐሙስ ነው። በተያዘው ፕሮግራም መሠረት ከየክልሉ የመጡት ተወካዮች ጠዋት ከአዳራሹ ተነሥተው ናሙናውን ክፍል ይጎበኛሉ፣ ከሰዓት በአዳራሽ ይወያያሉ። ስለዚህ ሙሉመቤት ጋሼ መዝገቡን ይዛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላፍቶ ትደርሳለች፣ ሚሳኤል ከውይይቱ ሹልክ ብሎ ይመጣል፣ ማንም ሳያይ ዋስ ይሆናል። ሙሉመቤት ከዚህ ሁሉ የተቃወመችው ሱሪውን ብቻ ነው፤ ሱሪውን በገመድ የታጠቀ ሰው ይዤ በጠራራ ፀሐይ ታክሲ አልሳፈርም አለች። የሚሳኤል ሌላው ቀበቶ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ ያለው አንድ ብቻ ነው።

«ያቺን ቀበቶ ባትሰጣቸው ምን ነበር» አለች ሙሉመቤት ከቤቱ ደረጃ ላይ ሆና። ቀበቶዋ የነሐስ ዘለበት አላት፤ ዘለበቷ ላይ ኩምቢዋን ወደ ላይ የቀሰረች ዝሆን ተቀርጻለች። የሚሳኤል አለቃ አቶ ዋቅቶላ ናይሮቢ ለስብሰባ ሄደው ሲመለሱ ያመጡለት ስጦታ ናት። አቶ ዋቅቶላ ደግሞ አለቃ ብቻ አይደሉም። የወንድማቸው ልጅ ብሩኬ የሚሳኤልን ልጅ ሚካልን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ እሑድ ሽማግሌ የሚመጣው በአቶ ዋቅቶላ መሪነት ነው። ባለፈው ሰሞን ሻይ ሲጠጡ አቶ ዋቅቶላ እንደዋዛ፣ እኛ ዘንድ እንኳ አጥንት መቁጠር ቀርቷል፣ ግን ሽማግሌ ሽማግሌ ነውና ይጠይቃል፤ ከቤታችሁ የሚጥለው፣ ነካ የሚያደርገው የለም መቼም? ብለውት ነበር። ሚሳኤል ሻዩን ሳይውጥ እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ ብሎ መለሰ። ያልተጠየቀውን መመለስ የዕቅድ ሠራተኞች ሁሉ ጠባይ ነው።

«የፈለገው ይምጣ» አለ አሁን ለሚስቱ፤ «ብቻ ዛሬ ሰው ቢያጋጥምሽ እኔን እንዳታነሺ። ለአቶ ዋቅቶላ ለእናቴ አንድ ነኝ ብያለሁ።»

ጋሼ መዝገቡ ግን በመካከላቸው ቆመው ነበር። ቀበቶውን ዳበስ አድርገው፣ እንደ ዳኛ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ፍርድ ቤቱ ሰምቷል» አሉ።

ሚሳኤል ያለ ቀበቶ ወጣ። ከአቦ እስከ አዳራሹ ሰው ፊት ለፊት በሚያስቀምጠው ውይይት ታክሲ ተጣቦ ሲሄድ ሰው ራሱ ሱሪውን ደግፎለት ደረሰ፤ ችግሩ ሲወርድ መጣ። የኮት ቁልፉን ቆልፎ የግራ ክርኑን ጎኑ ላይ አጣበቀ፣ ፋይሉንም በክርኑ ሥር ወሸቀ። አቶ ዋቅቶላ በአዳራሹ በር ላይ እንግዶች እየተቀበሉ ነበር። ረዥም፣ ሳቃቸው ከዓይናቸው ቀድሞ የሚጠፋ ሰው ናቸው። ጨበጡትና ወደ ወገቡ አዩ።

«ዝሆኗስ? ዛሬ ዕረፍት ወጣች?»

ዘለበቷ ላልታ ጠጋኝ ዘንድ ልኬያት ነው አለ ሚሳኤል። የነሐስ ዕቃ እንዴት ይላላል አሉ እሳቸው፣ እየሳቁ፣ እና ወደሚቀጥለው እንግዳ ዞሩ። ሚሳኤል ክርኑን ይበልጥ አጣበቀ።

ስብሰባው ገና ሲከፈት ፕሮግራሙ ተገለበጠ። ጉብኝት ያለበት ቀን የመስክ አበል ይታሰብለት ወይስ የስብሰባ አበል የሚለው ክርክር ጠዋቱን በላው። ላፍቶ መስክ ነው ወይስ ከተማ? ጭቃውን ያየ መስክ ነው አለ፤ ታክሲውን ያየ ከተማ ነው አለ። አበሉ ሲፈታ ደግሞ ክፍሉ የት የት ይከፈት ወደሚለው ገቡ። አንደኛው ተወካይ ተነሥቶ በኛ ክልል እንዲህ ያለ በሽታ የለም፣ ጤነኛ ሕዝብ ነው፣ ሕንፃው ግን ይሠራልን አለ። ሁለተኛው በኛም የለም፣ ግን ለጎረቤት ክልል ተሠርቶ ለኛ ከተዘለለ ፍትሐዊ አይደለም አለ። ሦስተኛው ሕንፃውን ተቀብሎ ሕሙማኑ ከሌላ ክልል እንዳይመጡበት ዋስትና ጠየቀ። አራተኛዋ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት፣ ቀስ ብለው፣ በኛ ዘንድ አሉ፣ እግረ ሙቅ ገብቶላቸው እበረት ውስጥ ነው ያሉት፣ የለም የሚባለው ቅጹ ላይ የምንጽፍበት ቦታ ስለሌለን ነው እንጂ አሉ። አዳራሹ ባንድ ጊዜ ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ፤ ማስታወሻ የሚጻፈው ቀና ብሎ ላለማየት ነበር። ሚሳኤል ቆሞ ማብራሪያ ሲሰጥ ክርኑን ከጎኑ ስላላነሣ ካርታውን የሚያሳየው በአገጩ ሆነ።

ጉብኝቱ ከምሳ በኋላ ተብሎ ተወሰነ። ሙሉመቤት ላፍቶ የምትደርሰውም ያኔ ነው። ሚሳኤል ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ስልክ ለመነና ከቤቱ አጠገብ ወዳለው ወደ ሞልቱ ሱቅ ደወለ። መስመሩ ተያዘ፤ ደግሞ ደወለ፤ ተያዘ። በመጨረሻ ሞልቱ አነሣና፣ ሙሉመቤት ከዘበኛችሁ ጋር ወጣች፣ ዘበኛችሁም ዛሬ ዘንጧል፣ ምን ቀበቶ ነው እሱ? አለው። ሚሳኤል ስልኩን ዘጋ። በሩ ላይ አቶ ዋቅቶላ መኪናው ሞልቷል፣ ና እንጂ፣ አስረጂው አንተ አይደለህ? እያሉ ይጠብቁታል።

ናሙናው ክፍል አዲስ ቀለምና አሮጌ ጤፍ ይሸት ነበር። አልጋዎቹ በነጭ አንሶላ ተወጥረዋል፤ አንዱ ብቻ ባዶ ነው። ሚሳኤል በፍጥነት አስረዳ፤ በፍጥነት አስገባ፣ በፍጥነት ሊያስወጣ ሞከረ። እንግዶቹ ግን አበላቸው በመስክ ስለተያዘላቸው አልቸኮሉም፤ ፍራሹን ይጫኑታል፣ መስኮቱን ይከፍታሉ። እኚያ ጠና ያሉት ሴት የአቀባበሉን ሥርዓት ማየት እንፈልጋለን፣ ዋናው እሱ ነው አሉ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሀና ደስ አላት። «ዕድለኞች ናችሁ፣ አንድ ሰው በር ላይ ደርሶልኛል» አለችና ወጥታ ሙሉመቤትንና ጋሼ መዝገቡን ይዛ ገባች።

ሙሉመቤት ባሏን አየችው፤ እንዳላየ ሰው ዓይኗን ግድግዳው ላይ ሰካች። ጋሼ መዝገቡ ጋቢያቸውን አስተካክለው የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ አዩና፣ ሸንጎ ሙሉ መሆኑ ደስ ያላቸው ይመስል፣ እጅ ነሡ። ሲስተር ሀና ወንበር ሰጥታ እጃቸውን ያዘች፣ የልብ ትርታቸውን አዳመጠች፣ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞራ እንደ አስተማሪ፣ ስለትም፣ ገመድም፣ ቀበቶም ወደ ክፍል አይገባም፣ ለዋሱ ነው የሚሰጠው አለች። ቀበቶውን ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዝሆኗ በጀርባዋ ተንጋላ ኩምቢዋን ወደ ጣሪያው ቀሰረች።

አቶ ዋቅቶላ ቀና ብለው አላዩም። ዝሆኗን ብቻ አዩ። መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁና ደግመው አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ በጠረጴዛው ጠርዝ፣ በእንግዶቹ ጫማ፣ እያለ መጥቶ የሚሳኤል ግራ ክርን ላይ ቆመ።

«ዋስ ማነው?» አለች ሲስተር ሀና።

ሙሉመቤት እኔ ነኝ አለች። ምናቸው ነሽ ስትባል ቤተሰብ አለች። የሥጋ ዘመድ? ስትባል ግን አይደለሁም ከማለት ሌላ አላገኘችም፤ የወንድማቸው ሚስት ነኝ ብትል ወንድምየው ማነው ይመጣል። ሲስተር ሀና ተቸገረች። ክፋት በሌለበት ፊት ወደ ሚሳኤል ዞረች፤ አቶ ሚሳኤል፣ መመሪያውን ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ እንዲህ ሲያጋጥም ምን እናደርጋለን? አለች። እንግዶቹ ብዕራቸውን አወጡ።

ሚሳኤል አፉን ከፈተ። «መመሪያው...» አለ፣ በክርኑ ሥር የወሸቀውን ፋይል በቀኝ እጁ እየዳበሰ።

«አባቴ» አለች ሲስተር ሀና፣ ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ «እዚህ ከተማ ወንድም፣ እኅት የለዎትም? አንድ ሰው ብቻ ይጥሩልኝ። ያለ ዘመድ አልጋውን ልሰጥዎ አልችልም።»

ጋሼ መዝገቡ ተነሡ። ፍርድ የሚሰጥ ሰው ተቀምጦ አይናገርም። በተሰበሰበው ሰው ላይ ዓይናቸውን አዞሩ፣ ሚሳኤል ላይ ሲደርሱ አልፈጠኑም፣ አልዘገዩምም፤ አለፉት። ስንቱን ሐሰተኛ ምስክር ከሸንጎ ያባረሩት ሰው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«የለኝም» አሉ ጥርት ባለ ድምፅ። «እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ።»

ሙሉመቤት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሲስተር ሀና ፊቷ ጠቆረ፤ እንግዲያው ለሌላ መስጠቴ ነው፣ ምን ላድርግ አለች። በዚያን ጊዜ አቶ ዋቅቶላ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በመሐረብ ጠረጉት፣ ለማንም ሳይሆን ለመነጽራቸው እንደሚናገሩ ሁሉ፣

«ዛሬስ ለእናቱ አንድ የሆነ ሰው በዛ» አሉ።

ማንም አልሳቀም፤ የገባው ሰው ጥቂት ነበር። ሚሳኤል ገባው። እሑድን አሰበ። ሚካልን አሰበ፤ ትናንት ማታ ለሽማግሌዎቹ የምትለብሰውን ቀሚስ ስትተኩስ ያያትን። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ቢራመድ፣ «መመሪያው ይከበር» ቢል፣ ሁሉም በቦታው ይቆያል፤ ወንድሙም ወደዚያች ዘበኛ ቤት ተመልሰው ችሎታቸው ላይ እንደተቀመጡ ያልቃሉ። ዓይኑን ቢያነሣ ጋሼ መዝገቡ አሁንም እጃቸውን እንደ ቀሰሩ ነው። ሱሪያቸው ቀበቶ የለውምና መንሸራተት ጀመረ፤ እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን ሳያወርዱ በግራ ክርናቸው ጎናቸውን ጥብቅ አደረጉት። ልክ እሱ ከጠዋት ጀምሮ እንዳደረገው። እኚያ ጠና ያሉት ሴት አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዩ፤ ከዚያ ብዕራቸውን ክዳን አለበሱት። ይህች ክርን የማን እንደሆነች ሚሳኤል ያውቃል። ክረምት ጀማ ሲሞላ፣ እሱን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ወንዙን ሲያሻግሩት፣ እግሩን ጎናቸው ላይ አጣብቀው የሚይዙባት ክርን ናት።

«ሁለት ነን» አለ።

ድምፁ ስላልወጣ ሲስተር ሀና እንዴት አሉ? አለችው።

«ለእናታችን ሁለት ነን። ታላቄ ናቸው። ዋሱ እኔ ነኝ፣ ጻፊኝ። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር።»

ሲስተር ሀና ጻፈች። እንግዶቹ ግን አንድም ቃል አልጻፉም፤ አንዱ መስኮቱን ከፈተ፣ አንዱ ያንኑ መስኮት ዘጋ። አቶ ዋቅቶላ ቀበቶውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው፣ በሚስማር የተበሳችውን አዲሷን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፣ ከዚያ ለሚሳኤል ዘረጉለት። «ለዋሱ ነው የሚሰጠው ተብሏል» አሉ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ሚሳኤል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኮቱን ገልጦ፣ ቀበቶውን አሾልኮ ታጠቀ። ዘለበቷ ወገቡ ላይ ቀዝቃዛ ነበረች።

ሲስተር ሀና ጋሼ መዝገቡን ደግፋ ወደ ባዶው አልጋ ስትወስዳቸው መንገድ ላይ ቆም አሉ። «ዳኛው በሐሰት መስክሯል» አሉ፣ ለማንም ሳይዞሩ። «የመሰከረ ዳኛ ችሎት አይቀመጥም። ችሎቱ ተነሥቷል።» ከዚያ ለሲስተር ሀና፣ እንደ ማንኛውም ከሩቅ የመጣ እንግዳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የሚቀመስ ነገር ይኖር እንደሆን ጠየቋት።

እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ አቶ ዋቅቶላ በጭቃው ላይ ጫማቸውን እየመረጡ አልፈው በሩን ከፈቱ፤ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ መስታወቱን ዝቅ አድርገው «ሪፖርቱን ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው» አሉ። መኪናው ሄደ። ሚሳኤልና ሙሉመቤት ከማሳው ዳር ታክሲ ለመጠበቅ ቆሙ። እሷ ሰኞ ነው ያሉት? አለች። አዎ ሰኞ አለ እሱ። እሑድንስ አነሡ? አላነሡም። ታክሲው መጣ፤ ረዳቱ አቦ፣ መካኒሳ፣ አቦ እያለ ይጮኻል፤ ተጣበው ገቡ። ለእሑድ ብላ የገዛችው ቅቤ ገና አልተነጠረም፤ ቅቤ ደግሞ በዚህ ሰሞን እሳት ሆኗል።

«ቅቤውን ላንጥር ወይስ ይቆይ?» አለች፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ቀንሳ።

«አንጥሪው» አለ ሚሳኤል፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «ሽማግሌው ቢቀር ለወንድሜ እንወስድላቸዋለን።»